ጆን ሞክሊ፤ ከኮሌጅ ወደ ገበያ

ኤኒያክ ከተባለው የኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር ጋር ስሙ የሚነሣው ጆን ዊልያም ሞክሊ በኦሃዮ ግዛት፣ በሲንሲናቲ ከተማ በኦገስት 30 ቀን 1907 ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ በዋሽንግተን የካርኔጊ ተቋም የምድርን ማግኔታዊ ኃይል ያጠና የነበረ የፊዚክስ ሊቅ ስለሆነ፣ ልጁ በቁጥር ሰንጠረዦች መካከል አደገ ለማለት ይቻላል። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መማር ጀመረ፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ዲግሪውን ሳይጨርስ ወደ ፊዚክስ ተዛውሮ በ1932 የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። ጊዜው የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ስለነበረ ሥራ እንደ ልብ አልተገኘም። በ1933 በፔንሲልቬንያ ኡርሳይነስ በተባለ አነስተኛ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ሆነ።

ሞክሊን ወደ ሒሳብ ማሽን የመራው የአየር ጠባይ ጥናት ነው። የፀሐይ ሁኔታ በአየር ጠባይ ላይ ተጽዕኖ እንዳለው በቁጥር ለማረጋገጥ ፈልጎ ተማሪዎቹን በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጡ የሒሳብ መኪናዎች ያሠራ ነበር። ይሁን እንጂ የተከማቸው መዝገብ እጅግ ብዙ ስለነበረ ሥራው በሰው ዕድሜ የሚያልቅ አልመሰለውም። በሌላ በኩል የፊዚክስ ሊቃውንት ኮስሚክ ጨረርን በቫኩም ቱቦዎች በከፍተኛ ፍጥነት ሲቆጥሩ ተመልክቷል። የሚቆጥር መሣሪያ ሊደምርም ይችላል ብሎ አሰበ፤ የኋላ ሥራው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የተነሣ ነው።

በዲሴምበር 1940 በፊላደልፊያ በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ላይ፣ ጆን አታናሶፍ ከተባለ የአይዋ ስቴት ኮሌጅ መምህር ጋር ተዋወቀ። አታናሶፍ 300 ያህል ቱቦዎች ያሉትና የቀጥተኛ እኩልታዎችን ስብስብ ለመፍታት የታቀደ ማሽን በመሥራት ላይ ነበር። በጁን 1941 ሞክሊ ወደ አይዋ ተጉዞ በአታናሶፍ ቤት ጥቂት ቀናት በእንግድነት ተቀመጠ፤ ማሽኑን አየ፤ ስለ እርሱ የተጻፈውንም አነበበ።

በዚያው በጋ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የሙር የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ትምህርት ቤት ለአገር መከላከያ የተዘጋጀ የኤሌክትሮኒክስ ኮርስ ተከታተለ፤ ከዚያም እዚያው በመምህርነት ቀረ። ፕሬስፐር ኤከርት የተባለውን የ22 ዓመት ወጣት የላቦራቶሪ አሠልጣኝ ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ሞክሊ ሐሳብ አመንጪ፣ ኤከርት ደግሞ እያንዳንዱን ሽቦ ካልፈተነ የማያምን መሐንዲስ ነበሩ።

ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ጊዜ ለጦር ሠራዊቱ የመድፍ ተኩስ ሰንጠረዥ ያሰላ ነበር። የአንዲት ጥይት ጉዞ በሒሳብ መኪና ሲሰላ ለአንድ ሰው 20 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጅ ነበር፤ አንድ ሰንጠረዥ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ጉዞዎችን ይጠይቃል። ሞክሊ በኦገስት 1942 ይህ ሥራ በቫኩም ቱቦ ማሽን ሊከናወን እንደሚችል የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አቀረበ። ትኩረት የሰጠው አልነበረም፤ ወረቀቱም ጠፋ። በ1943 የሠራዊቱ ተጠሪ ሌተናንት ኸርማን ጎልድስታይን ጽሑፉን በጠየቀ ጊዜ ከጸሐፊዋ የአጭር ጽሕፈት ማስታወሻ እንደገና መጻፍ ግድ ሆነ። ውሉ በጁን 1943 ተፈረመ።

ኤኒያክ 18,000 ያህል ቱቦዎች፣ 30 ቶን ክብደትና 150 ኪሎዋት የኃይል ፍላጎት ነበረው። ብዙ ባለሙያዎች ሊሠራ እንደማይችል ሲናገሩ ምክንያት አልነበራቸውም ለማለት አይቻልም። የአንድ ቱቦ አማካይ ዕድሜ 3,000 ሰዓት ቢሆን፣ ከ18,000 ቱቦዎች መካከል በየአሥር ደቂቃው አንዱ ይቃጠላል ማለት ነውና። ኤከርት ቱቦዎቹን ከተወሰነላቸው ቮልቴጅ በታች እንዲሠሩ በማድረግና ክፍሎቹን በጥብቅ በመፈተን ችግሩን ተቋቋመው፤ ውሎ አድሮ ብልሽቱ በሁለት ቀን አንድ ቱቦ ያህል ሆነ። ማሽኑ በሴኮንድ 5,000 ድምር ይሠራ ነበር። በፌብሩዋሪ 1946 ለሕዝብ በታየ ጊዜ የጥይቷን ጉዞ ያሰላው ጥይቷ ራሷ ዒላማዋን ለመምታት ከሚወስድባት ጊዜ ባነሰ ነው። ማሽኑን ለሥራ ያዘጋጁት ስድስት ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዷ ካትሊን ማክነልቲ በ1948 የሞክሊ ባለቤት ሆነች። የመጀመሪያ ሚስቱ በ1946 በባሕር ሰጥማ ሞታ ነበር።

ከምረቃው ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሞክሊና ኤከርት ከዩኒቨርሲቲው ወጡ። ባለፈው ዓመት የኤኒያክ የፓተንት መብት የእነርሱ እንደሚሆን ተፈቅዶላቸው ነበር፤ በማርች 1946 ግን አዲሱ የጥናት ኃላፊ ሠራተኞች ሁሉ የወደፊት የፈጠራ መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው የሚለቁበትን ሰነድ እንዲፈርሙ አዘዘ። ሁለቱም አልፈርምም አሉ። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪዎችና ለመሣሪያዎች የሚያወጣውን ወጪ ማሰቡ ባያስነቅፈውም፣ በዚያች ፊርማ ምክንያት በዓለም ላይ ቀዳሚ የነበረውን የኮምፒዩተር ቡድን አጥቷል።

የኩባንያ ሥራ እንደ ላቦራቶሪው አልቀናም። በ1947 የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ የሆነውና በቀጣዩ ዓመት ፕሬዚዳንት የተባለው ሞክሊ፣ ደንበኛ ማሳመን ይችላል፤ ዋጋ መተመን ግን አልሆነለትም። ከሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ጋር የተዋዋሉበት ገንዘብ ማሽኑ ከጠየቀው ወጪ እጅግ ያነሰ ነበር። ባይናክ የተባለውም ሁለተኛ ማሽን ኪሳራ ጨመረ። በ1949 የዋና ባለ ገንዘባቸው የሄንሪ ስትራውስ አውሮፕላን ተከስክሶ እርሱ ሲሞት ምርኩዛቸው ተሰበረ፤ በፌብሩዋሪ 1950 ድርጅቱ ለሬሚንግተን ራንድ ተሸጠ። በተጨማሪም ሞክሊ በዚያው ዘመን በአሜሪካ በተነሣው የኮሙኒስት ጥርጣሬ ምክንያት ከምስጢራዊ ሥራ ለጊዜው ታገደ።

ቢሆንም ማሽኑ ተሠራ። የመጀመሪያው ዩኒቫክ በማርች 31 ቀን 1951 ለቆጠራው ቢሮ ተሰጠ። በኖቬምበር 1952 ደግሞ ሞክሊ ከስታቲስቲክስ ሊቁ ማክስ ዉድበሪ ጋር ባዘጋጀው ፕሮግራም ዩኒቫክ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ገና ጥቂት ድምፅ ሲቆጠር አይዘንሃወር በሰፊ ብልጫ እንደሚያሸንፍ ተነበየ። የቴሌቪዥን ጣቢያው ሰዎች ስላላመኑት ውጤቱን ለጊዜው ሰወሩት፤ በመጨረሻ ግን ማሽኑ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ሞክሊ በ1959 ኩባንያውን ለቅቆ የራሱን የምክር ድርጅት አቋቋመ። ለግንባታ መሐንዲሶች ቅርብ የሆነውን የክሪቲካል ፓዝ የሥራ ዕቅድ ዘዴ ለማስፋፋት በዚያ ብዙ ደክሟል፤ ይህ አገልግሎቱ ሲነገርለት እምብዛም አይሰማም።

የኤኒያክ ፓተንት ማመልከቻ የገባው በጁን 26 ቀን 1947 ሲሆን የተሰጠው ከብዙ ክርክር በኋላ በ1964 ነው። ባለቤቱ ስፔሪ ራንድ ክፍያ መጠየቅ ሲጀምር ሃኒዌል በ1967 ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛ ኧርል ላርሰን በኦክቶበር 19 ቀን 1973 ፓተንቱን ሠረዘው። ከምክንያቶቹ አንዱ ማሽኑ ማመልከቻው ከመግባቱ ከአንድ ዓመት በፊት በሥራ ላይ መዋሉና ለሕዝብ መታየቱ ነው፤ የአገሩ ሕግ ከዚህ በላይ ቆይታ አይፈቅድምና፣ ከምረቃው ሲቆጠር እንኳ አራት ወር ዘግይተዋል። ሌላው በ1945 በፎን ኖይማን ስም ብቻ የተሠራጨው ሪፖርት ሐሳቡን አስቀድሞ ለሕዝብ ማውጣቱ ነው። ሦስተኛውና ሞክሊን እጅግ ያሳዘነው፣ መሠረታዊው ሐሳብ ከአታናሶፍ የተወሰደ ነው መባሉ ነበር።

በዚህ በመጨረሻው ላይ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የአታናሶፍ ማሽን ለአንድ ዓይነት ስሌት ብቻ የታቀደ፣ በካርድ ማንበቢያውና መጻፊያው ብልሽት የተነሣም ሙሉ በሙሉ ሳይሠራ የቀረ ነው፤ ኤኒያክ ግን ለልዩ ልዩ ስሌት ሊዘጋጅ የሚችል ነበር። በሌላ በኩል ግን ሞክሊ አይዋ ሄዶ ያየውን ማየቱና ለዚያ ሰው በወቅቱ ምስጋና አለመጻፉ አይካድም። ስፔሪ ራንድ ይግባኝ አላለም። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ፋብሪካ ለኤኒያክ ፓተንት ሳይከፍል ኮምፒዩተር መሥራት ቻለ።

ሞክሊ ፍርዱን ሳይቀበለው በጃንዩዋሪ 8 ቀን 1980 በፔንሲልቬንያ፣ አምብለር በተባለ ስፍራ በ72 ዓመቱ አረፈ።