ሬይሞን ኢዚዶር፦ በመኖሪያ ቤት የተወለደ የሞዛይክ ጥበብ

ሬይሞን ኢዚዶር እ.ኤ.አ. በ1900 በፈረንሳይ፣ በሻርትር ከተማ ተወለደ። የሥነ ጥበብ ትምህርት አልተማረም፤ ኑሮውን የመራው በጉልበት ሥራ ሲሆን በኋላም በመካነ መቃብር ጠራጊነት አገልግሏል። በ1920ዎቹ መጨረሻ በከተማዋ ዳርቻ ቦታ ገዝቶ ለቤተሰቡ ትንሽ ቤት በእጁ ሠራ።

በ1938 ገደማ በየመንገዱ የተጣሉ የሳህንና የባለቀለም ብርጭቆ ስባሪዎችን መሰብሰብ ጀመረ። ስባሪዎቹን በሲሚንቶ እያጣበቀ ግድግዳውን፣ ወለሉንና አልጋውን፣ እንዲሁም ምድጃውንና የባለቤቱን የአድሪየንን የልብስ ስፌት መኪና ሳይቀር ሸፈነ። ሥራው እያደገ ሄዶ ጸሎት ቤትና አጥር ግቢ ጨመረ።

በባለሙያ ወርክሾፕ የሚሠራ ሞዛይክ ቅርጹ አስቀድሞ ተነድፎ በልክ በተቆረጡ ጠጠሮች ይሞላል። በኢዚዶር ሥራ ግን ስባሪው የሳህኑን ጠርዝና የተሳለበትን አበባ እንደያዘ ስለሚቀመጥ፣ የምስሉን ይዘት በከፊል የሚወስነው የተገኘው ቁስ ነው። ተደጋግሞ የሚታየው የሻርትር ካቴድራል ምስልም ቤቱን በባለቀለም የመስታወት መስኮቶቹ ከታወቀው የከተማዋ ቅርስ ጋር ያስተሳስረዋል።

ጎረቤቶቹ የፒካሶን ስም ሳህን ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ጋር አዳቅለው “ፒካሲየት” ሲሉ ተሳለቁበት። ኢዚዶር በ1964 አረፈ። ከተማዋ ቤቱን በ1981 የራሷ አደረገች፤ በ1983ም በታሪካዊ ሐውልትነት ተመዘገበ። ሕጋዊው ጥበቃ የደረሰው ከሠሪው ሞት 19 ዓመታት በኋላ መሆኑ፣ ከትምህርት ቤትና ከወርክሾፕ ውጭ የሚፈጠር ጥበብ ዕድሜው በቤቱ አለመፍረስ ላይ ምን ያህል እንደሚንጠለጠል ያመለክታል።