ጎታማ ቡድሃና የእኔነት ጥያቄ

ቡድሃ በሚለው ስም የሚታወቀው ሲድሃርታ ጎታማ የተወለደው በዛሬይቱ ኔፓል፣ ሉምቢኒ በተባለች ሥፍራ ነው። ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛውና በ5ኛው መቶ ዓመት መካከል እንደሆነ ይገመታል። እንደ ጥንታውያን መጻሕፍት ትረካ፣ ከሳክያ ባላባቶች ተወልዶ በድሎት አደገ፤ ያሾድሃራን አግብቶም ራሁላ የተባለ ልጅ ወለደ። ሆኖም እርጅና፣ በሽታና ሞት ማንንም እንደማይምሩ በተረዳ ጊዜ፣ በ29 ዓመቱ ሚስቱንና ጨቅላ ልጁን ትቶ መነነ።

በዚያን ዘመን ብዙ የሕንድ ጠቢባን፣ ከሚለወጠው ሥጋ በስተጀርባ አትማን የተባለች የማትለወጥ ነፍስ እንዳለች፣ ነጻ መውጣትም እርስዋን በማወቅ እንደሚገኝ ያስተምሩ ነበር። ጎታማ ሁለት ታላላቅ መምህራንን ተከትሎ ትምህርታቸውን ቢያጠናቅቅም አልረካም። ከዚያም የሆዱን ቆዳ ሲዳስስ የጀርባ አጥንቱ እስኪጨበጥ ድረስ በጾም ራሱን ቀጣ። 6 ዓመት ያህል ከደከመ በኋላ፣ ሥጋን ማሠቃየት እንደ ድሎቱ ሁሉ ከንቱ መሆኑን ተገንዝቦ እህል ቀመሰ። በ35 ዓመቱ ቦድ ጋያ ላይ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያሰላስል የሚሻውን እውነት አገኘ። ቡድሃ፣ ማለትም የነቃ፣ የተባለውም ከዚህ ወዲህ ነው።

የመጀመሪያ ደቀ መዛሙርቱ በሳርናት ያገኛቸው 5 ባሕታውያን ነበሩ። ሰው እኔ የሚለውን ነገር አካል፣ ስሜት፣ ግንዛቤ፣ የፈቃድ ዝንባሌና ንቃተ ኅሊና ብሎ ከፍሎ አስረዳቸው። አካል በእርግጥ የሰው እኔነት ቢሆን ኖሮ፣ ሰው አካሉን እንዳይታመም ባዘዘው ነበር፤ አካል ግን አይታዘዝም። የቀሩት አራቱም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የሚለወጠውን ነገር የእኔ ብሎ የሙጥኝ ማለት ሥቃይን ይወልዳል፤ መልቀቁ ደግሞ ነጻ ያወጣል።

ብዙዎች ይህን ትምህርት ሰው ፈጽሞ የለም እንደማለት ይቆጥሩታል፤ ስሕተት ነው። ቫቻጎታ የተባለ ተንከራታች መናኝ አንድ ቀን እኔነት ይኖር እንደሆነ ጠየቀው፤ ቡድሃ ዝም አለ። እንግዲያው የለም ማለት ነውን ሲለውም ዝም አለ። እንግዳው ተነሥቶ ሄደ። አገልጋዩ አናንዳ በነገሩ ተገርሞ ምክንያቱን ጠየቀ። ቡድሃም፣ አለ ቢል ዘላለማዊ ነፍስን ከሚሰብኩት ጋር እንደሚተባበር፣ የለም ቢል ደግሞ ቀድሞውኑ ግራ የተጋባው ሰው የነበረውን ያጣ መስሎት ይብሱን እንደሚታወክ ገለጠለት።

45 ዓመት ያህል በጋንጀስ ወንዝ ሸለቆ በእግሩ እየተዘዋወረ አስተማረ። ልጁ ራሁላም መነኮሰ። በ80 ዓመቱ ሲታመም፣ አናንዳ ስለ ማኅበሩ የመጨረሻ ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር። ቡድሃ ግን የደበቀው ትምህርት እንደሌለ ገልጦ፣ መነኮሳቱ በራሳቸውና በትምህርቱ እንዲጠጉ አሳሰበ። እኔነትን ልቀቁ ያለ መምህር በራሳችሁ ተጠጉ ማለቱ ያስገርም ይሆናል፤ እርሱ ግን በራስ መጠጋትን ያብራራው አካልን፣ ስሜትንና አእምሮን ነቅቶ መመልከት ነው በማለት ነበር።

ኩሺናጋር ላይ በሁለት ዛፎች መካከል ተጋድሞ ዐረፈ። አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ ነገሥታትና ጎሣዎች በአጽሙ ሳቢያ ሊዋጉ ደርሰው ነበር፤ ድሮና የተባለ ብራህማን በ8 ከፍሎ አስታረቃቸው።