ከእርሳስ ምልክት እስከ ዲስክ ካቢኔ፦ የሬይኖልድ ጆንሰን ሕይወትና የመረጃ ማከማቻ ንድፍ

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ብሔራዊ ፈተና ተፈትነው ያለፉ በርካታ ተማሪዎች የመልስ ወረቀቱን ክብ በእርሳስ ማጥቆርን ያውቁታል። በእነዚሁ ከተሞች ከሚገኝ የባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ የሚያወጣ ደንበኛ ቀሪ ሒሳብ ደግሞ የሚመዘገበው በቅርንጫፉ ሳይሆን በባንኩ የመረጃ ማዕከል ውስጥ በቆመ የማከማቻ ካቢኔ ላይ ነው። የተራራቁ የሚመስሉት እነዚህ ሁለት ተግባራት በአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ይኸውም በሬይኖልድ ቢ. ጆንሰን ነው። ይህ ጽሑፍ የጆንሰንን ሕይወት በአጭሩ እየዳሰሰ፣ ለዛሬዎቹ መካከለኛ ደረጃ የድርጅት ማከማቻዎች ያወረሱትን ንድፍና ሳይፈታ የቀረውን ችግር ለይቶ ያሳያል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጆንሰን በ1906 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ከስዊድን ከመጡ ስደተኞች ቤተሰብ ተወለዱ። በ1929 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁት በምህንድስና ሳይሆን በትምህርት አስተዳደር ነበር። ቀጥሎም በሚሺጋን ግዛት በአይረንውድ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። የፈተና ወረቀት ማረም የሚወስደው ጊዜ ስላሳሰባቸው የተማሪዎችን መልስ የሚያነብ መሣሪያ ለመሥራት ተነሡ። መነሻቸው የልጅነት ተንኮል እንደነበር ይነገራል፤ እኅቶቻቸውን ሊጎበኙ የሚመጡ ወጣቶችን መኪና ሞተር እንዳይነሣ ለማድረግ ካንዴላው ላይ በእርሳስ ይጭሩበት ነበር። የእርሳስ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና፣ በወረቀት ላይ ያለ ምልክትም በዚሁ ባሕርይ ሊነበብ እንደሚችል ተረዱ። የዛሬዎቹ የመልስ ወረቀት አንባቢዎች በአመዛኙ በብርሃን የሚሠሩ ቢሆኑም ሐሳቡ ያው ነው።

አይቢኤም ፈጠራውን ገዝቶ በ1934 ጆንሰንን በመሐንዲስነት ቀጠራቸው። አይቢኤም 805 የተባለው የፈተና ማረሚያ መሣሪያም በ1930ዎቹ መገባደጃ ለገበያ ቀረበ። ኩባንያው በ1952 በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ከተማ አዲስ የምርምር ላቦራቶሪ እንዲያቋቁሙ ላካቸው።

በጊዜው የድርጅቶች መረጃ የሚቀመጠው በፓንች ካርድና በማግኔታዊ ቴፕ ነበር። ሁለቱም በቅደም ተከተል የሚነበቡ በመሆናቸው፣ በፋይሉ መጨረሻ ያለን አንድ መዝገብ ለማግኘት በፊቱ ያሉትን ማለፍ ግድ ነበር። ስለዚህ ሥራው ተጠራቅሞ በጅምላ ይከናወናል፤ የዕለቱ ሽያጭ ወይም የመጋዘን ለውጥ ወዲያው አይታወቅም። የአሜሪካ አየር ኃይልም የንብረት ቁጥጥሩን የሚያፋጥን መሣሪያ መፈለጉ ለጥናቱ ተጨማሪ ግፊት ሆነ። የጆንሰን ቡድን የተለያዩ አማራጮችን መርምሮ የሚሽከረከር ማግኔታዊ ዲስክን መረጠ። የዲስኮቹን ገጽ እኩል ለመቀባት የብረት ኦክሳይድ ቀለሙን በሴቶች ናይለን ካልሲ አጥልለው፣ በሚሽከረከረው ዲስክ መሐል ከወረቀት ኩባያ ያፈሱት ነበር።

ውጤቱ በመስከረም ወር 1956 ይፋ የሆነው አይቢኤም 305 ራማክ ነው። የማከማቻ ክፍሉ አይቢኤም 350 ይባላል፤ ወደ 61 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው 50 ዲስኮች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላትና አኃዞችን ሲሆን፣ ይህ በዛሬው ስሌት ከ4 ሜጋባይት በታች ነው። አንድን መዝገብ ለማግኘት በአማካይ 600 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅ ነበር። ክብደቱም ከአንድ ቶን ይበልጣል።

ከእነዚህ አኃዞች ይልቅ ለዛሬው ንድፍ የሚጠቅመው የመዋቅሩ ነገር ነው። ማከማቻው የራሱ ካቢኔ፣ የራሱ ሞተርና የራሱ የአየር መጭመቂያ ያለው፣ ከማስሊያው ክፍል የተለየ አካል ነበር። መካከለኛ ደረጃ የድርጅት ማከማቻም በዚሁ ክፍፍል ላይ የቆመ ነው፤ ሰርቨሮች ያሰላሉ፣ ዲስኮቹን የያዘው ካቢኔ ደግሞ በኔትወርክ ያገለግላቸዋል። ሰርቨር ቢለወጥ መረጃው በቦታው ይቆያል።

ሳይፈታ የቀረው ችግር የክንዱ ነው። በ350 ውስጥ ሃምሳውን ዲስኮች የሚያነብና የሚጽፍ አንድ ክንድ ብቻ ነበር፤ ወደ ተፈለገው ዲስክ ከፍታ ይወጣል ወይም ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል። ክንዱ ቢሰናከል ዲስኮቹ ደኅና ሆነው ሳለ መረጃው በሙሉ አይደረስበትም። ከእርሱ ጋር ይፋ የሆነው አይቢኤም 355 እስከ ሦስት ክንድ ይይዝ ነበር፤ ይህ ግን በዋነኛነት ፍጥነትን የሚጨምር እርምጃ ነበር። የዲስክ ብልሽትን በንድፍ መቋቋም ሰፊ ትኩረት ያገኘው፣ የበርክሌይ ተመራማሪዎቹ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትስ ሬይድን በሚመለከት በ1988 ባሳተሙት ጥናት ነው።

ዛሬ መካከለኛ ደረጃ ማከማቻ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኮንትሮለሮች አሉት። እያንዳንዱ ዲስክ ወደ ሁለቱም የሚያደርስ መንገድ ይኖረዋል። ገና ዲስክ ላይ ያልሠፈረ ጽሑፍ በሁለቱም ካሽ ውስጥ ይገለበጣል፤ መብራት ቢቋረጥ እንዳይጠፋም በባትሪ ወይም በመሰል ኃይል ይጠበቃል። የኃይል አቅራቢዎቹም ጥንድ ናቸው። አንዱ ኮንትሮለር ቢወድቅ ሁለተኛው ሥራውን ይረከባል። ይህ እውን የሚሆነው ግን በአዘቦት ቀን ሁለቱ የተሸከሙት ጭነት ሲደመር ከአንዱ አቅም የማይበልጥ ከሆነ ነው።

ጆንሰን በ1971 ከአይቢኤም ጡረታ ሲወጡ ከ90 በላይ የፈጠራ መብቶች በስማቸው ተመዝግበው ነበር። በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳሊያ ተሸለሙ፤ በ1998 በ92 ዓመታቸው በፓሎ አልቶ ዐረፉ።

የሕይወት ታሪካቸው ለንድፍ አጥኚ የሚተወው ጥያቄ በዲስክ ብዛት የሚመለስ አይደለም። መጠየቅ ያለበት፣ ሁሉም ዲስኮች የሚደገፉበት አንድ ነገር የት እንዳለ ነው። በ1956 ያ ነገር ክንዱ ነበር። ኮንትሮለሩ ሲጣመር፣ ሁለቱም የሰፈሩበት አንድ ካቢኔ ይቀራል፤ ካቢኔው ሲጣመር፣ ሁለቱም የቆሙበት አንድ ክፍል፣ አንድ የመብራት መስመርና አንድ ሕንፃ ይቀራል። የባንክ የመረጃ ማዕከል ያለ ተለዋጭ ሥፍራ ከቆመ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉት ቅርንጫፎቹ መስኮት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዘጋል። ስለዚህ የማከማቻ ግዥ ከመጠንና ከዋጋ በፊት ይህን ነጠላ ነገር በመለየት ሊጀመር ይገባል።