ትከሻው ያልተገኘው ሕፃን፦ የሬይመንድ ዳርት ሕይወት

በጆሃንስበርግ አናቶሚ የሚማር ሰው የሬይመንድ ዳርትን ስም ሳይሰማ አንድ ሳምንት አይቆይም። ፊዚዮቴራፒ ልማር ወደዚህች ከተማ ስመጣ እኔም ስሙን የሰማሁት ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነበር። ዓለም የሚያውቀው በአንድ የሕፃን ራስ ቅል ነው። እኔ ግን ለመጽሔታችን ስለ እሱ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ትከሻ ነው። ዳርት ስለ ጥንታዊው ሰው ክንድና እጅ ብዙ ተናግሯል፤ ትከሻውን ግን አላየም። የትከሻው አጥንት የወጣው ከእኛ አገር አፈር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ዳርት በ1893 በአውስትራሊያ፣ የብሪዝቤን ከተማ በጎርፍ በተጥለቀለቀችበት ሰሞን ተወለደ። ሕክምና በሲድኒ ተማረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ላይ በውትድርና አገለገለ፤ ከዚያም ለንደን ውስጥ ስመ ጥር በነበረው በግራፍተን ኤልየት ስሚዝ ሥር ሆኖ አንጎልን አጠና። በ1923 መጀመሪያ፣ 30 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ የአናቶሚ ፕሮፌሰር ሆኖ ወደ ጆሃንስበርግ ተላከ። ደስ ብሎት አልመጣም። የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ገና አዲስ ነበር፤ የአናቶሚ ክፍሉም ከባዶ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በኖቬምበር 1924 ታውንግ ከሚባል ቦታ፣ ከኖራ ድንጋይ ካባ የወጡ ቅሪቶችን የያዙ ሣጥኖች ቤቱ ድረስ መጡለት። ዳርት በዚያ ቀን ለወዳጁ ሠርግ ሚዜ ሊሆን እየለበሰ ነበር። ሣጥኑን ከፍቶ በድንጋይ የተቀረጸ የአንጎል ቅርጽ አገኘ። ከዚያ በኋላ በሚስቱ የሹራብ መሥሪያ ኪሮሽ ሳይቀር ድንጋዩን እየፈለፈለ፣ በዲሴምበር 23 የአንድ ሕፃን ፊት ወጣለት። በፌብሩዋሪ 1925 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ግኝቱን አሳወቀ፤ ስሙንም አውስትራሎፒቴከስ አፍሪካነስ አለው። ድንቅነሽ ያለችበትን ወገን ስም ያወጣው፣ እሷ ከመገኘቷ 50 ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ ይህ ሰው ነው።

ማስረጃው ፊቱ፣ ጥርሱና የአንጎሉ ቅርጽ ብቻ ነበር። ከአንገት በታች ምንም የለም። ዳርት ግን የጀርባ ገመድ የሚያልፍበት የራስ ቅል ቀዳዳ ከዝንጀሮዎች ይልቅ ወደ ፊት መጠጋቱን አየና ሕፃኑ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር አለ። ቀጥ ብሎ ከሄደ እጆቹ ነፃ ናቸው፤ እጆቹ ነፃ ከሆኑ መሣሪያ ይይዛሉ። ለንደን ያሉት ታላላቅ ሊቃውንት፣ አርተር ኪዝ በተለይ፣ አልተቀበሉትም። የእነሱ ልብ በፒልትዳውን ላይ ነበር፤ ይህም የተጭበረበረ መሆኑ የተጋለጠው በ1953 ነው። ዳርት ከ20 ዓመት በላይ ጠበቀ። ኪዝ በ1947 መሳሳቱን በጽሑፍ አመነ፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀጥ ብሎ በመሄዱ ረገድ ዳርት ትክክል ነበር። በክንዱ ነገር ግን ወደ ፊት ዘለለ። ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በማካፓንስጋት ዋሻ የተገኙትን የእንስሳት አጥንቶች ዱላና ጩቤ ናቸው ብሎ፣ ቅድመ አያቶቻችንን ገዳይ አዳኞች አደረጋቸው። ቦብ ብሬን የተባለው ደቡብ አፍሪካዊ ተመራማሪ ለዓመታት አጥንት ሲቆጥር ከርሞ፣ እንዲህ ያለውን ክምር ነብርና ጅብ የመሳሰሉ አውሬዎች እንደሚተዉት አሳየ። ይባስ ብሎ የታውንጉን ሕፃን ራሱን የገደለው ትልቅ ንስር ሳይሆን እንዳልቀረ በ1995 ሁለት ተመራማሪዎች አቀረቡ። አዳኝ የተባለው ታዳኝ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ስለ ትከሻ ጥቂት ልበል። እግራችን በዳሌ አጥንት በኩል ከአከርካሪያችን ጋር በጽኑ ተያይዟል። ክንዳችን ግን ከቀረው አጽማችን ጋር በአጥንት የሚገናኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ክላቪክል የሚባለው ቀጭን አጥንት ከደረት አጥንት ጋር በሚጋጠምበት። ስካፑላ የሚባለው ሰፊና ጠፍጣፋ የጀርባ አጥንት በጡንቻ ተይዞ በጎድን አጥንቶቻችን ላይ ይንሸራተታል። ክንዳችንን ወደ ላይ እስከ መጨረሻ ስናነሣ ከ180 ዲግሪው 60 ያህሉ የሚመጣው ከስካፑላው መዞር ነው። እስክስታ የሚመታ ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ስካፑላ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዴት እንደሚሄድ ለማሳየት ከማንኛውም ሥዕል አንድ የጎንደር ልጅ ይበልጣል!

በስካፑላው ጠርዝ የክንድ አጥንት ራስ የሚቀመጥበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። በእኛ ወደ ጎን ይመለከታል፤ በዛፍ ላይ በሚንጠለጠሉት ዝንጀሮዎች ወደ ላይ ያዘነብላል። እንግዲህ የዳርትን ጥያቄ ለመመለስ ይህ አጥንት ያስፈልጋል። ስካፑላ ግን በመካከሉ ስስ ስለሆነ ቅሪቱ ሳይሰበር አይገኝም ማለት ይቻላል። በዲሴምበር 2000 የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በአፋር ዲኪካ ላይ ሰላምን አገኘ። ሰላም የድንቅነሽ ወገን ናት፤ ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሦስት ዓመት ገደማ ዕድሜዋ የሞተች ሕፃን። ዘረሰናይ ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት እያነሡ ሁለቱን ስካፑላዎች ለማውጣት ዓመታት ፈጀባቸው። ውጤቱ በ2012 ታተመ፤ ጎድጓዳው ወደ ላይ ያዘነበለ ነበር። እግራቸው መሬት ላይ ቆሞ ሲሄድ ትከሻቸው ገና ዛፍ አልተወም።

ዳርት ይህን አላየም። ስለ ትከሻ ግን በሌላ መንገድ ተጨንቋል፤ ከሕይወቱ ይበልጥ ወደ ልቤ የቀረበው ይህ ክፍል ነው። ወንድ ልጁ ከልደቱ ጀምሮ የመንቀሳቀስ ችግር ነበረበት። አባትየው ለልጁ መፍትሔ ሲፈልግ በ1940ዎቹ ጆሃንስበርግ ውስጥ የአሌክሳንደርን ዘዴ ከምታስተምር ሴት ጋር ተገናኘ። ይህ ዘዴ ራስን፣ አንገትንና ትከሻን ሳያጨናንቁ መቆምንና መንቀሳቀስን ያስተምራል። የሕክምና ፋኩልቲ ዲን የነበረው ፕሮፌሰር ወለል ላይ ተኝቶ ጨቅላ ሕፃን የሚያልፍባቸውን አቀማመጦች አንድ በአንድ በራሱ ገላ ሞከረ። በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የግንዳችን ጡንቻዎች በጥምዝምዝ እርስ በርሳቸው ተሻግረው እንደተጠመዘዙ አስረዳ። በአንድ በኩል ስካፑላን ከአከርካሪ የሚያስረው ጡንቻ፣ ከጎድን በሚይዘው ጡንቻ አልፎ ሆድን አቋርጦ ወደ ሌላው ዳሌ ይቀጥላል። ለእኛ ሙያ ይህ እስከ ዛሬ ጠቃሚ ሐሳብ ነው፤ ትከሻውን ያመመውን ሰው ዳሌውንም ተመልከት ይላል።

ይህን ካመሰገንኩ ሌላውንም ማስቀረት አልችልም። በዊትዋተርስራንድ በዳርት ስም የሚጠራ የሰው አጽም ስብስብ አለ። እሱ በ1920ዎቹ የጀመረው ይህ ስብስብ ዛሬ ከ2,500 በላይ አጽሞች አሉት። ብዙዎቹ በሆስፒታል ሞተው ጠያቂ ዘመድ ያልቀረበላቸው ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ናቸው፤ ለማዕድን ሥራና ለቀን ሥራ ከሩቅ የመጡም አሉባቸው። ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም። በ1936 ደግሞ ዳርት ወደ ካላሃሪ ዘምቶ የሳን ሕዝቦችን አካል ለክቷል፤ ሰውን በዘር ዓይነት መመደብ በዘመኑ ሳይንስ ይባል ነበር፣ እሱም ያምንበት ነበር። ሰው ሁሉ ከአፍሪካ መነሣቱን ካሳዩት ቀዳሚዎች አንዱ የሆነ ሰው ይህንም ማድረጉ አሁንም አልገጥም ይለኛል።

ጠያቂ ያልቀረበለት የሚለው ቃል ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ በጄፒ መንገድ አካባቢ የሚነግዱትን ወገኖቻችንን ጠይቁ። እዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ሲሞት፣ የማያውቁት እንኳ ገንዘብ አዋጥተው አስከሬኑን ወደ አገሩ ይልካሉ። እድር የሌለው ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል እነዚያ መደርደሪያዎች ያሳያሉ።

ዳርት በ1958 ጡረታ ወጣ። ከዚያም በየዓመቱ ወደ ፊላደልፊያ እየተመላለሰ አንጎላቸው የተጎዳ ሕፃናትን ከሚረዱ ሰዎች ጋር ሠራ። በኖቬምበር 22 ቀን 1988 በ95 ዓመቱ በጆሃንስበርግ አረፈ። የታውንጉ ሕፃን ራስ ቅል እስከ ዛሬ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ ከአንገቱ በታች ያለው አካሉ ግን አልተገኘም።