ሉሲ (ድንቅ ነሽ)

ሉሲ ወይም ድንቅ ነሽ ከ3.18 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በዛሬው አፋር ክልል የኖረች፣ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ የተባለው ዝርያ አባል ናት። አጽሟ የተገኘው በታችኛው የአዋሽ ሸለቆ፣ ከክልሉ ዋና ከተማ ከሰመራ በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው ሐዳር ነው። ከመላ አጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ስለተገኘ ስለ አካሏ ብዙ ይታወቃል። ከፊቷ ግን ከታችኛው መንጋጋ ሌላ የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ሕይወቷ

ሉሲ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ክብደቷም ከ30 ኪሎ ግራም በታች እንደነበር ይገመታል። መጨረሻ የሚበቅሉት መንጋጋ ጥርሶቿ መውጣታቸው ለአካለ መጠን መድረሷን ያሳያል። የዳሌዋና የጉልበቷ አሠራር በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደነበር ይመሰክራል። ክንዶቿ ግን ጠንካራ ስለነበሩ ዛፍ ላይም ትወጣ እንደነበር ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ዛሬ ደረቅ የሆነው ሐዳር በዘመኗ ዛፍ፣ ሣርና ውኃ የነበረበት አካባቢ ነበር።

አጽሟ እንደተገኘ

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ በሐዳር ሲያስሱ የክንዷን አጥንት አዩ። አጽሙ ኤ.ኤል. 288-1 የሚል መለያ ተሰጠው። ሉሲ የተባለችው በዚያ ሰሞን በሰፈሩበት ድንኳን ይሰማ ከነበረው የቢትልሶች ዘፈን ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዝርያው በአፋር ስም ተሰየመ።

የሲቲ ስካን ምርመራ

እ.ኤ.አ. በ2007 ሉሲ ለዐውደ ርዕይ ወደ አሜሪካ ተወሰደች። በ2008 በኦስቲን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አጥንቶቿ በሲቲ ስካን ተነሡ። መሣሪያው በሐኪም ቤት ካለው ጋር በአሠራሩ አንድ ነው፤ ኤክስሬይ በየአቅጣጫው ያሳልፍና ምስሎቹን በኮምፒውተር ያቀናጃል። ሆኖም የሉሲ አጥንት ወደ ድንጋይነት የተለወጠ በመሆኑ የበለጠ ኃይል ያለው መሣሪያ አስፈልጓል። ከ10 ቀን ሥራ በኋላ ከ35,000 በላይ ስስ ምስሎች ተገኙ።

አሟሟቷ

እ.ኤ.አ. በ2016 ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ምስሎቹን አጥንተው፣ ከዛፍ ወድቃ እንደሞተች ኔቸር በተባለው መጽሔት አስታወቁ። በቀኝ ትከሻዋ ያለው ስብራት፣ ከከፍታ የወደቀ ሰው እጁን ዘርግቶ መሬት ሲመታ ከሚደርስበት ጉዳት ጋር ይመሳሰላል። ቁመቱንም ከ12 ሜትር በላይ አድርገው ገመቱት። ጆሃንሰንና ቲም ዋይት ግን አልተቀበሉትም። በእነርሱ አስተያየት ተመሳሳይ ስንጥቆች በሌሎች የሐዳር ቅሪተ አካላትም ላይ ይታያሉ፤ አጥንቶቹም ከሞት በኋላ፣ በአፈር ውስጥ ሳሉ ሊሰበሩ ይችላሉ። ክርክሩ አልተቋጨም።

መልኳ

በጥንት ዘመን የሟችን መልክ ለማቆየት በፊቱ ላይ ጄሶ ወይም ሰም ተደርጎ ቅርጹ ይወሰድ ነበር። ለሉሲ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጭምብል የሚወሰድበት ፊት ስለሌለ ፊቱ ራሱ ከአጥንት ተነሥቶ ይሠራል። የጎደለው የራስ ቅሏ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1992 በሐዳር የተገኘውን የወንድ የራስ ቅል (ኤ.ኤል. 444-2) ከመሳሰሉ የዝርያዋ ቅሪቶች ይሟላል። የጡንቻው ውፍረት የሚገመተው ከሰውና ከቺምፓንዚ ነው። የቆዳዋን ቀለም፣ የጸጉሯን ብዛትና የከንፈሯን ቅርጽ ግን የትኛውም ስካን አይነግርም። በየሙዚየሙ የሚታዩት የሉሲ ፊቶች እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉት ለዚህ ነው።

ቅርሱ ዛሬ

ሉሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ አገሯ ተመለሰች። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ለጎብኚ የሚታየው ቅጂዋ ሲሆን ዋናው አጽም በጥንቃቄ ይጠበቃል። የትከሻዋና የጉልበቷ ዲጂታል ቅጂ በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ በይፋ ስለተለቀቀ፣ ተማሪዎች በባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ አትመው ስብራቱን ራሳቸው ሊመረምሩ ይችላሉ።