ከዝንብ አንጎል የሰውን በሽታ የፈለገው ሰው

ጠጅ ቤት የገባ ሁሉ ያውቃታል። ብርሌው አፍ ላይ የምታንዣብበዋ፣ እፍ ቢሏት ዞራ የምትመለሰዋ ደቃቃ ዝንብ። የበሰለ ሙዝና የፈላ መጠጥ ነፍሷ ነው። ሳይንቲስቶቹ ድሮሶፊላ ይሏታል። ይህችን ዝንብ ይዞ የሰው አንጎል እንዴት እንደሚታመም ለማወቅ ዕድሜውን የሰጠ አንድ አሜሪካዊ ነበር፤ ሲሞር ቤንዘር። በእኛ አገር ስሙ እምብዛም አይነሳም። በሙያው ዓለም ግን ከታላላቆቹ ተርታ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ቤንዘር በ1921 ኒውዮርክ ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ ከፖላንድ የመጡ አይሁዳውያን ሲሆኑ በልብስ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። 13 ዓመት ሲሞላው ማይክሮስኮፕ ተሰጠው። ሌላው ልጅ ኳስ ሲያባርር እሱ እንቁራሪት ይበልት ነበር ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ያጠናው ፊዚክስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለራዳር የሚውል ጀርማኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ላይ ሠራ፤ በ1947 ዶክትሬቱን ያዘ። በዚያው ቢቀጥል ትራንዚስተር ይዞ የመጣው የኤሌክትሮኒክስ ዘመን ሀብታም ባደረገው ነበር። እሱ ግን የፊዚክስ ሊቁ ሽሮዲንገር ስለ ሕይወት ምንነት የጻፈውን መጽሐፍ አንብቦ ልቡ ሸፈተ።

በ1950ዎቹ ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች ላይ ባደረገው ምርምር ጂን የማይከፋፈል አንድ ጠጠር ሳይሆን በውስጡ ብዙ ነጥቦች ያሉት ረጅም ሰንሰለት መሆኑን በካርታ አሳየ። ይህ ብቻውን ለአንድ ሰው ዕድሜ ይበቃል። ቤንዘር ግን ሥራው ለሌሎች ተራ መስሎ መታየት ሲጀምር ትቶት የመሄድ ልማድ ነበረው።

ወደ ዝንቦቹ ያመጡት የገዛ ልጆቹ ናቸው ይባላል። ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ከአንድ ማሕፀን ወጥተው፣ በአንድ ቤት አድገው፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ሆነበት። ጠባይ ከጂን ይመጣ ይሆን? በ1967 ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ካልቴክ ተዛውሮ ዝንቦችን ማርባት ጀመረ። የጂን ለውጥ የሚያመጣ ኬሚካል በስኳር ውኃ አድርጎ ይመግባቸዋል፤ ከዚያ በልጆቻቸው መካከል ጠባዩ የተለየውን ይለቅማል። ብዙ ሊቃውንት ቀልድ መስሏቸው ነበር። ዝንብ ምን አእምሮ አላትና!

ከተማሪው ከሮናልድ ኮኖፕካ ጋር በ1971 ያወጡት ጽሑፍ የዝንቦችን የቀንና የሌሊት ሰዓት የሚያዛባ አንድ ጂን መገኘቱን ገለጸ። በ1976 ደግሞ መማር የማይሆንላቸውን ዝንቦች ከነጉድለታቸው አስተዋወቁ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን በ1972 ከጃፓናዊው ዮሺኪ ሆታ ጋር የሠራው ነው።

አንድ የዝንብ ዘር አገኙ። ስትፈለፈል ደህና ናት፤ ትሄዳለች፣ ትበራለች። ጤነኛዋ ሁለት ወር ያህል ስትኖር ይህችኛዋ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ መንገዳገድ ትጀምራለች፣ በጀርባዋ ትወድቃለች፣ ትሞታለች። አንጎሏ ሲታይ ወንፊት ሆኗል። ታዲያ አንጎሏ ስለተበሳሳ ሞተች ወይስ ሌላ ነገር ገድሏት አንጎሏም አብሮ ተበላሸ? እኛ የሕግ ሰዎች የምክንያትና የውጤት ትስስር እያልን ችሎት ፊት ስንጨቃጨቅበት የምንውለው ጥያቄ ነው። ቤንዘርና ሆታ ከፊል አካላቸው በሽተኛ፣ ከፊሉ ጤነኛ የሆነ ቅይጥ ዝንቦችን አራቡ። ከዚያ የትኛዋ እንደምትሞት፣ የትኛዋ እንደምትተርፍ እየመዘገቡ አሰሉ። ጥፋተኛው አንጎሉ ራሱ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዞ የሚቀርብ ጠበቃ ቢኖረን ስንት መዝገብ በተዘጋ ነበር።

የመጀመሪያ ሚስቱ በ1978 ካረፉ በኋላ ያገባቸው ካሮል ሚለር የሰውን አንጎል በሽታ የሚመረምሩ ሐኪም ነበሩ። እሳቸው የአልዛይመር ሕሙማንን አንጎል፣ እሱ የዝንብን። ባልና ሚስቱ በ1983 እንዳሳዩት ለዝንብ አንጎል ተብለው ከተዘጋጁ አንቲቦዲዎች ግማሽ ያህሉ የሰውን አንጎልም ለይተው ያዙ። ከዚያ ወዲህ በዝንብ መሳቅ አስቸጋሪ ሆነ።

በ1999 ከክዩንግ ታይ ሚን ጋር ያወጣው ሥራ በሽታን ከመግለጽ አልፎ ወደ መከላከል ሄደ። በጂን ጉድለት ምክንያት ረጃጅም የስብ አሲዶች በአካሏ የሚከማቹባት፣ አንጎሏና ዓይኗም የሚጎዱባት ዝንብ አገኙ። ስሟን ማስቲካ አሏት። (ስም አወጣጣቸው ያስቃል፤ ሌላዋን ስፖንጅ ኬክ፣ ዕድሜዋ በ35 በመቶ የረዘመውን ደግሞ ማቱሳላ ብለዋታል።) በ1992 የወጣውን የሎሬንዞ ዘይት የተሰኘ ፊልም ያየ ሰው በሽታውን ያስታውሰዋል። የታመመው ጂን በሰውና በዝንብ ያው አንድ አይደለም፣ የሚከማቸው ነገር ግን ይመሳሰላል። ከዚያ ዘይት አንዱን ክፍል ለዝንቦቹ ቢመግቧቸው አንጎላቸው ከጉዳት ተጠበቀ፤ ሆኖም ይህ የሆነው ገና ከጅምሩ ሲበሉት ነው። የፊልሙ ልጅ ወላጆች ዘይቱን ያገኙት ልጃቸው ከተጎዳ በኋላ መሆኑን ሳስብ ይህ ውጤት ደስታም ሐዘንም ይሆንብኛል።

በ2000 ደግሞ የሃንቲንግተንን በሽታ የሚያመጣውን ዓይነት መርዛም ፕሮቲን በዝንብ ዓይን ውስጥ አስገብተው፣ ጉዳቱን የሚያቀሉ ሁለት ጂኖች አገኙ። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ፓርኪንሰንን የምትመስል ዝንብ አቀረቡ። ዛሬ በዚህ መንገድ የሚሠሩ ቤተ ሙከራዎች ብዙ ናቸው። አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት ግን ከዝንብም ከሌላም አልተገኘም። ዝንብ ምስክር ናት እንጂ ዳኛ አይደለችም፤ የእሷ ቃል በአይጥም በሰውም መረጋገጥ አለበት። ቢሆንም እኛ ዘንድ የገዛ ልጁ ስም የጠፋበት አባት ጃጀ ተብሎ ጓዳ ሲተው፣ የዚህ ሁሉ መነሻ ሊፈለግ የሚችል ምክንያት ነው ብሎ ጠርሙስ ሙሉ ዝንብ ይዞ ሌሊት የሚያነጋ ሰው መኖሩ ቀላል ነገር አይመስለኝም። ቤንዘር በእርግጥም የሌሊት ሰው ነበር።

በ86 ዓመቱ፣ ኅዳር 2007፣ እዚያው ፓሳዲና ውስጥ በስትሮክ አረፈ። ላስከርን፣ ዎልፍን፣ ክራፎርድን ሸልመውታል፤ ኖቤል ግን አልደረሰውም። በ2017 ያ የሰዓት ጂን የሕክምናውን ኖቤል አስገኘ። ተሸላሚዎቹ በኋላ የጂኑን ምንነትና አሠራር የፈቱት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ኮኖፕካ ከሞተ ሁለት ዓመት፣ ቤንዘር ደግሞ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር፤ ኖቤል ለሙት አይሰጥም።