ዶርቲ ዳንድሪጅና የሐሜት መጽሔቱ

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ሆሊውድ ተዋናይት መጻፉ ምን ይባላል የሚል አይጠፋም። የእሷ ታሪክ ግን ከእኛ ሙያ ጋር በደንብ ይገናኛል።

ዶርቲ ዳንድሪጅ እ.ኤ.አ. በ1922 አሜሪካ ውስጥ በክሊቭላንድ ከተማ ተወለደች። እናቷ ሩቢም ተዋናይት ነበረች። ዶርቲ ከእህቷ ከቪቪያን ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረች መዝፈንና መደነስ የጀመረችው ገና በልጅነቷ ነው። ካደገች በኋላ በምሽት ክበቦች ስሟ ገነነ። ሆሊውድ ግን በዚያን ጊዜ ለጥቁር ሴት የሚሰጣት ቦታ ከገረድነት ብዙም አያልፍም ነበር።

በ1954 ኦቶ ፕሬሚንጀር ያዘጋጀው ካርመን ጆንስ ወጣ። ዶርቲ ከሃሪ ቤላፎንቴ ጋር በመሪነት ተወነችበት። በዚያው ዓመት ላይፍ መጽሔት በሽፋኑ ላይ አወጣት። በ1955 ደግሞ በምርጥ መሪ ተዋናይትነት ለኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። ሽልማቱን የወሰደችው ግሬስ ኬሊ ነበረች።

እኔን ከኦስካሩ ይልቅ የሚገርመኝ በ1957 የሆነው ነው። ኮንፊደንሻል የሚባል የሐሜት መጽሔት፣ ዶርቲ በ1950 ለሥራ ታሆ ሐይቅ በሄደችበት ጊዜ ከአንድ ነጭ ሙዚቀኛ ጋር ጫካ ገብታ ነበር ብሎ ጻፈ። ብዙ ኮከቦች ነገሩ እንዳይባባስ ብለው ዝም ይሉ ነበር። እሷ ከሰሰች፤ መጽሔቱም 10,000 ዶላር ከፍሎ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ ላይ በመጽሔቱ ላይ የወንጀል ችሎት ሲከፈት እሷና ሞሪን ኦሃራ ቀርበው መሰከሩ። የዶርቲ ቃል ግልጽ ነበር፦ በዚያ ሥፍራ በነበረው የዘር መድልዎ ምክንያት ጥቁር ሰው እንደ ልቡ ወጥቶ መግባት፣ ከነጮች ጋር መቀላቀል አይችልም። ያዋረዳት መድልዎ ራሱ ምስክር ሆነላት ማለት ነው! ጸሐፊው ቦታው ላይ ያለውን ሁኔታ ቢያጣራ ኖሮ ወሬው እንደማያስኬድ ይገባው ነበር።

በ1959 ፖርጊ ኤንድ ቤስን ከሠራች በኋላ ጥሩ ሥራ እየራቃት ሄደ። በ1963 ኪሳራ አወጀች፤ በመስከረም 1965 በ42 ዓመቷ አረፈች። በ1999 የእሷን ሕይወት በፊልም የተወነችው ሃሊ ቤሪ በ2002 ያንን ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች።

ክፍል ውስጥ ስለ መረጃ ማጣራት በተነሳ ቁጥር ዶርቲ ትዝ ትለኛለች። ያልተጣራ አንድ ወሬ የሰው ስም ይዞ ይወጣል፤ ስሙን ለመመለስ ደግሞ ባለቤቱ ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ አለበት።